ቁጥር አንድ

በርገን ይዘንባል፣ እንደ ትናንቱ፤
መጥረጊያው ይወዛወዛል፣ ጭጋግ ነው መስታወቱ።
ሾፌር የሌላት መኪና ጋራዤ ገባች፤
ቀረብ ብዬ ሳይ፣ ከመሪው ሥር አንዲት ባልቴት ነበረች።

ወይዘሮ ራንሂልድ። ጃንጥላዋን አራግፋ፣
ወረፋ የያዘውን ሁሉ በትከሻዋ አልፋ፣
«ባትሪው ደክሟል» አለች፤ «የኋላው በርማ
እኩሌታ ላይ ቆሞ እምቢኝ ይላል፣ አይሰማ።»

አዲስ ባትሪ ገጠምኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ
ሳልጠየቅ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ይኸው ነው ጉዴ፦

«በሩን የሚያነሱት በግራ በቀኝ ያሉ ዘንጎች ናቸው፤
እንደ ብሎን የሚዞሩ፣ ሞተር ያለ በሆዳቸው።
ሞተሩ ቁመት አያውቅም፤ ዓይን የለው፣ ክንድ የለው፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ዙሩን ነው የሚቆጥረው።
ባትሪው የሞተ ለታ ቆጠራው ይጠፋል፤
ወለሉን የረሳ ጣራውን የት ያገኘዋል?
እንግዲህ በእጅ ገፍተን፣ ጥርቅም አድርገን ዘግተን
‹ዜሮህ ይህች ናት› እንበለው፣ እንደ ሕፃን አስተምረን።»

ዘጋነው። ጢጥ አለ። ተከፍቶ እንደገና ሲወርድ
ግራ እጄን ከሥሩ ሰደድኩ፤ እሷ ጀመረች መራድ።
ያችኑ እጄን፣ ሞጆ ላይ የአይሱዙ ስፖንዳ
የቀለበት ጣቷን የቀረጠፋት፣ ያለ ካሳ፣ ያለ ዕዳ።
በሩ ጣቴን ነካ፤ ቆመ፤ ተመለሰ ሽቅብ።
«አዩት?» አልኳት። «አያዝንም፤ አያስብ።
ሞተሩ ሲከብደው ነው የሚመለሰው።
ርኅራኄው ይኸው ነው፦ ከበደው።»

ለአፍታ ዝም አልን።
ሲከብደው የሚመለስ፣ ከሰው ስንት አየን?

ከዚያ ቁልፉን ይዛ ገባች፤ ወንበሩ ግን አልጠበቃት፤
እየተንፏቀቀ ኋላ ሄደ፣ ከፔዳሉ እግሯን ነጠቃት፣
ወረደ፣ ተንጋለለ፣
እንደ ባለቤት ተደላደለ።
«ይኸው ቶርሌይፍ መጣ» አለች። «የእሱ ቁልፍ ነው፤
የእኔን ባለፈው ዓሣ ገበያው ደጅ ባሕሩ ዋጠው።»

ቶርሌይፍን አውቀው ነበር። ሁለት ሜትር ቁመት፣
በየበሩ የሚያጎነብስ፣ ከልማድ ብዛት።
በየካቲት ቀበሩት።
እኔም የማጽናኛ ቃሌን አሰናዳሁት፦
«አይስጉ፤ ባትሪ ቢነቀልም ይሄኛው አይጠፋም፤
ወንበሩ ልኩን ጽፎታል፣ ቁጥር አንድን አይረሳም።»

«የምን ስጋት?» አለች፤ «ይጥፋልኝ በቃ!
አርባ ዓመት ወንበር ሳብኩ፣ በየጠዋቱ ስነቃ፤
እሱ አንድ ቀን ወደ እኔ ልክ መልሶት አያውቅም።
እወደው ነበር፤ ይሄ ሌላ ነው፣ አይገናኝም።»

ወደፊት፣ አልኳት። ወደ ላይ። ትንሽ ደግሞ ቀና።
ወጣች፤ እንደ ቆጥ ዶሮ ጉብ አለችና
«እዚህ» አለች።
የማስታወሻውን አዝራር ይዛ፣ አንድን ተጫነች።
ጢጥ። ቁጥር አንድ እሷ ሆነች።

«በሩስ?» አልኳት። «ሲከፈት እጅግ ይርቃል፤
በቶርሌይፍ ራስ ልክ ነው፣ የእርስዎ እጅ የት ይደርሳል?
ላውርደው? ጥቂት ሰኮንድ ተጭኖ መያዝ ብቻ።»
ደጁን አየች፤ ዝናቡ ይወርዳል ያለ መቋጫ።
«ተወው» አለች። «ዕቃ ስጭን ጣራዬ ነው፤
እጄ ባይደርስ እግሬ አለ፣ ከሥር ማወዛወዝ ነው።»

ደረሰኝ ጻፍኩ፦ ባትሪ፣ አንድ። የበር ቆጠራ፣ ግማሽ ሰዓት።
ለወንበሩ ምን ብዬ ልጻፍ? ዘለልኩት።
ስትወጣ ቆሜ አየኋት፤ ከመሪው በላይ
ነጭ ፀጉሯ፣ መነጽሯ፣ ግንባሯ ሲታይ፤
አንዴ ጥሩምባ ነፋች፣ ማንም በሌለበት መንገድ ላይ።